ባዶ ቤት ገብቻለሁ፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄውን በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ያነሳችው ሴት በቅርቡ ባለ ሁለት ክፍል ቤት የገባች ናት። ፍራሽ፣ አንድ ወንበርና ጥቂት የማብሰያ ዕቃ አላት። ሌላው ባዶ ነው። ገንዘቡ ቀስ እያለ ይመጣል፤ እሷም አልቸኮለችም። ችግሯ ሌላ ነው። ስልኳ ላይ ያጠራቀመቻቸው የቤት ፎቶዎች እርስ በርስ አይስማሙም። አንዱ ነጭና ባዶ ክፍል ነው። ሌላው መጽሐፍ የታጨቀበት፣ ጨለም ያለ። ሌላው ደግሞ ቀለም በቀለም። ሁሉንም ትወዳቸዋለች። የትኛው የእሷ እንደሆነ ግን ግራ ገብቷታል።

ሶፋውን፣ ጠረጴዛውን፣ ቡፌውንና መጋረጃውን ባንድ ቀን ያስገባ ሰው ቤቱ የሌላ ሰው ይመስላል ባይ ናት። ስለዚህ ቀስ በቀስ ልትሞላው ወስናለች። የጠየቀችው ሁለት ነገር ነው። ከምን ይጀመራል? የራስ ምርጫስ በምን ይታወቃል?

ክሩ፣ ማለትም ጥያቄውና ከሥሩ የተሰጡት መልሶች፣ ረጅም ነው። ቁም ነገር ያለበትን እያሰፋሁ፣ ሌላውን ቶሎ ቶሎ እያለፍኩ እተርከዋለሁ። የመልሶቹ ቁጥሮች እንደነበሩ ናቸው።

መልስ 1

የመጀመሪያዋ መላሽ እንኳን ለዚህ አበቃሽ ብላ ትጀምራለች። ምክሯ ምንም ሳይገዛ ጥቂት ሳምንት መኖር ነው። እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ግን አይደለም፤ ራስን መታዘብ ነው። ከውጭ ሲገባ ቦርሳው የት ይጣላል? ስልኩ የትኛው ሶኬት ላይ ይሰካል? ያቺ አንዷ ወንበር በቀን ውስጥ ወዴት ወዴት ትጎተታለች? ወንበሯ ደጋግማ የምትቆምበት ቦታ ብርሃኑ የተመቸ ወይም ነፋስ የማይመታው ጥግ ስለሚሆን፣ ሶፋ ሲመጣ ቦታው እዚያ ነው ትላለች። ሁሉም ሰው ቴሌቪዥን ፊት ለፊት ስለሚደረድር ብቻ እንደዚያ ማድረግ ግዴታ አይደለም። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ከሆነ ፀሐይ የሚገባው ጠዋት ነው፤ ወደ ምዕራብ ከሆነ ከሰዓት በኋላ። ይህን ሳያዩ የማንበቢያ ወንበር ቦታ የመረጠ ሰው ዓይኑን በእጁ ሸፍኖ ያነባል።

መልስ 2

ሁለተኛው ከ1 ጋር ይስማማል፤ ግን ጥበቃው ውስጥ አንድ ነገር ቢገባ ይላል። አምፖል። ከሁሉም በላይ ትንሽ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ከሁሉም በላይ ቤቱን የሚለውጥ ነገር እሱ ነው። ካርቶኑ ላይ የብርሃኑን ቀለም የሚናገር፣ በኬልቪን የተጻፈ ቁጥር አለ። 2700 አካባቢ ያለው ወደ ቢጫ ያደላል፤ ለማረፊያ ክፍል ይስማማል። 4000 ነጣ ያለ ነው፤ ለሥራ ጠረጴዛ ይሆናል። 6500 ወደ ሰማያዊ ስለሚያደላ ማታ ሳሎን ውስጥ ሲበራ የሰው ፊት ያገረጣል። የብርሃኑን መጠን የሚናገረው ዋት ሳይሆን ሉመን ነው። የድሮው 60 ዋት አምፖል 800 ሉመን አካባቢ ይሰጥ ነበር፤ ከዚያ ተነስቶ ማሰብ ይቻላል። ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚናገር ከ100 የሚታሰብ ቁጥርም አለ። 90ና ከዚያ በላይ የሆነው ይመረጣል።

ኮርኒሱ መሃል የተንጠለጠለ አንድ አምፖል ብቻውን ማንኛውንም ክፍል መጠበቂያ ክፍል እንደሚያስመስለውም ጨምሯል። እሱ የሚመክረው ዝቅ ብለው የሚቀመጡ ሁለት ሦስት መብራቶችን ነው። አንዱ ከወንበሩ ጎን፣ አንዱ ከመደርደሪያው ላይ፣ አንዱ ጥግ።

መልስ 3

ሦስተኛው ትዕግሥቱ አልቆ ነው የመጣው። የሁለት ልጆች አባት ነው። ወለል ላይ ተኝቶ ስታይል መፈለግ የላጤ ቅንጦት ነው ይላል። ልጆቹ አልጋ ይፈልጋሉ፤ ልብሳቸው ቁም ሳጥን ይፈልጋል። እሱ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ገዝቶ አስገብቷል፤ አንድም ቀን አልቆጨውም። ቤቱ የሌላ ሰው ይመስላል የሚለው ሰው ካለ መጥቶ ይንገረኝ ብሎ ጨርሷል።

አነጋገሩ ይሻክራል። ግን መነገር የነበረበት ነገር ነው። ቀስ በቀስ የሚለውን ምክር የሚወዱት ብዙዎቹ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰዎች ይመስሉኛል።

መልስ 4

አራተኛዋ ሳትቆጣ መለሰችለት። አልጋ፣ ቁም ሳጥንና ምድጃ የማስዋብ ጉዳይ ስላልሆኑ ዛሬውኑ ይገዙ አለች። ቀስ የሚባለው ከዚያ በኋላ ባለው ነው። ብልሃቱ የግድ የሚገዛው ዕቃ ሌላውን የማያስገድድ እንዲሆን ማድረግ ነው። ራስጌው ተቀርጾ ወርቃማ ቀለም የተቀባ ግዙፍ አልጋ ከገባ ኮመዲኖውም፣ መስታወቱም፣ መጋረጃውም እሱን መምሰል ሊኖርባቸው ነው። ቀለል ያለ የእንጨት አልጋ ግን በኋላ ከሚመጣው ጋር አይጣላም። ሦስተኛው ወዲያው አልመለሰላትም። ወደ መጨረሻው ግን ብቅ ይላል።

መልስ 5

ለእኔ ከክሩ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

ጸሐፊው ኑሮ ሲጀምር ለጊዜው ብሎ አንዳንድ ዕቃ ገዝቶ ነበር። የፕላስቲክ ጠረጴዛ፣ ወለል የማይደርስ መጋረጃ፣ ሲነኩት የሚወዛወዝ መደርደሪያ። ዓመታት አልፈዋል፤ ሦስቱም አሁንም ቤቱ ውስጥ ናቸው። ለምን እንደሆነ ሲያስብ አንድ ነገር ገባው። ግማሽ በግማሽ የሚያገለግል ዕቃ ፍላጎትን ዝም ያሰኛል። ጠረጴዛ ጨርሶ የሌለው ሰው በየቀኑ ጠረጴዛ ይፈልጋል። የት ቢቀመጥ፣ ምን ያህል ቢረዝም፣ ለስንት ሰው ቢሆን እያለ ያስባል። መጥፎ ጠረጴዛ ያለው ሰው ግን ማሰብ ያቆማል።

ስለዚህ ክፍተቱ እስኪሞላ ሁለት መንገድ ብቻ ነው የሚቀበለው። አንዱ ባለቤቱ መልሱልኝ ብሎ የሚመጣበትን ዕቃ መዋስ ነው። ሌላው ካርቶን መገልበጥ። ካርቶን ጠረጴዛ ነኝ አይልም፤ ሰውየውም አይዘናጋም።

ቀስ በቀስ ስለማስዋብ ብዙ ተብሏል። ቀስ ማለት እንዴት ወደ መቆም እንደሚለወጥ ግን እንዲህ አጥርቶ የተናገረ አላየሁም።

መልስ 6

ስድስተኛዋ ታሪክ ይዛ መጣች። ዴኒ ዲዴሮ የተባለው የ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ ፈላስፋ አዲስ የቤት ካባ አገኘ። ካባው ከማማሩ የተነሳ ሌላው ዕቃው ሁሉ ከጎኑ አሳፋሪ ሆነበት። የገለባ ወንበሩ በቆዳ ወንበር ተተካ። ጠረጴዛው ተቀየረ፤ ግድግዳው ላይ ያሉት ሥዕሎች ተቀየሩ። በመጨረሻ አሮጌውን ካባ ለምን ጣልኩት እያለ በጸጸት ጻፈ። እሷ እንደምትለው የመጀመሪያው ውድ ዕቃ ቤት ሲገባ ጥርጣሬ ያስፈልጋል፤ ብቻውን አይመጣምና።

መልስ 7

ሰባተኛው ታሪኩ ልክ ነው፤ ግን ግማሹ ቀርቷል አለ። ነገሩን የዲዴሮ ውጤት ብሎ የሰየመው ግራንት ማክራከን የተባለ አንትሮፖሎጂስት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1988። ማክራከን ደግሞ ጉልበቱ በሁለት በኩል እንደሚሠራ ጽፏል። አዲስ ዕቃ አሮጌውን ሊያስጥል ይችላል። ቤት ውስጥ ያለው ዕቃ ደግሞ የማይመስለውን አዲስ ዕቃ ደጅ ሊያስቀር ይችላል። እርስ በርስ የሚስማማ ዕቃ ያለው ሰው ገበያ ወጥቶ ብዙውን ነገር አይቶ የሚያልፈው ለዚህ ነው።

ከጠያቂዋ ሁለት ጥያቄዎች ሁለተኛውን የመለሰው ይህ ሰው ይመስለኛል። ከልብ የተወደዱ ሦስት አራት ዕቃዎች ካሉ ምርጫውን እነሱ ያሳያሉ። እሱ ግን 6ኛዋን ማረም ላይ ስለነበር ያን አላስተዋለውም። 6ኛዋ እርማቱን በደስታ ተቀብላለች።

መልስ 8 እና 9

ስምንተኛዋ ወደ ፎቶዎቹ ተመለሰች። ፎቶዎቹ ይጣላሉ መባሉን አላመነችም። ዕቃውን ትቶ የሚደጋገመውን መፈለግ ነው ትላለች። ሃያ ያህሉን አንድ ላይ አድርጎ ማየት። ነጩ ክፍልም መጽሐፍ የሞላበትም ትልቅ መስኮት ሊኖራቸው ይችላል። ሁሉም ውስጥ ዝቅ ያለ መቀመጫ ወይም ያልተቀባ እንጨት ሊኖር ይችላል። ከዚያ ደግሞ ወደ ልብስ ሳጥን መሄድ። የሚያምረውን ሳይሆን ተደጋግሞ ተለብሶ ያለቀውን ማየት። ሰው በለበሰው ቀለም መሃል ሲቀመጥ ብዙም አይጎረብጠውም።

ዘጠነኛው ፎቶ አንሺ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ አለው። የቤት ፎቶ ብዙ ጊዜ ሰፊ በሚያሳይ ሌንስ ስለሚነሳ ክፍሉ ከእውነተኛው ሰፍቶ ይታያል። የኤሌክትሪክ ገመዱ ተደብቋል፤ ቻርጀሩ፣ ጫማው፣ የልጅ ደብተሩ ሁሉ ከፍሬም ውጭ ተገፍቷል። ሰው ሶፋውን የወደደ ይመስለዋል፤ የወደደው ግን ከጎን የገባውን የጠዋት ብርሃን ነው። ሶፋው ማታ ከአምፖል ሥር ቤት ሲደርስ ያ ስሜት አብሮ አይመጣም።

መልስ 10 እና 11

ከዚህ በኋላ ስለ ቀለም ክርክር ተነሳ። አሥረኛው ቤቱ ባዶ ሳለ ግድግዳው ይቀባ ይላል። የሚሸፈን ሶፋ የለም፤ የሚገፋ ቁም ሳጥን የለም። አሥራ አንደኛዋ ተቃራኒውን ትላለች። ቀለም በፈለጉት ዓይነት ይቀላቀላል፤ ጨርቅና ምንጣፍ ግን ገበያ ላይ ባለው ነው የሚመረጠው። ስለዚህ ብዙ አማራጭ ያለው ነገር መጨረሻ ይምጣ።

ሁለቱም እውነት አላቸው። መሃል ላይ የሚያስታርቃቸው ያለ አይመስልም፤ አሁን ነጭ ቀብቶ በኋላ መወሰን ካልሆነ በቀር። አሞካከሩ ላይ ግን ተስማምተዋል። ቀለሙን ሰፊ ካርቶን ላይ ሁለት ጊዜ መቀባት። ካርቶኑን ከግድግዳ ግድግዳ ማዘዋወር። ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ በአምፖል ማየት። የቀለም መሸጫው ከሚሰጠው ትንሽ ወረቀት ላይ መምረጥ አያስተማምንም። አራቱም ግድግዳዎች ሲቀቡ ቀለሙን አንዱ በሌላው ላይ ስለሚያንጸባርቁ፣ ወረቀቱ ላይ ለስለስ ያለው ክፍሉ ውስጥ ይጮኻል።

መልስ 12፣ 13 እና 14

አሥራ ሁለተኛው የታወቀውን የ60-30-10 ደንብ ዘረዘረ። 60 ከመቶው ዋናው ቀለም፣ 30 ሁለተኛው፣ 10 ደማቁ። አሥራ ሦስተኛዋ ምላሷ ስለት ነው። ትራሱን በማስመሪያ ለክቶ 10 ከመቶ መሙላቱን ያረጋገጠ ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ደንብ የሚያነበንቡ ሰዎች ቤት ሁሉ አንድ ዓይነት የሆነው ለዚህ ነውም አለች። አሥራ ሁለተኛው ተቆጣ። ደንቡን ጠንቅቆ ያላወቀ ሰው ጣስኩት ብሎ መኩራራት እንደማይችል መለሰላት። ሌላም ያላነሳሁት ነገር ተባባሉ። የመድረኩ አስተባባሪ 14ኛ ላይ ገብቶ ሰውን ትታችሁ ሐሳቡን ብሎ አበረዳቸው።

መልስ 15

በዕድሜ ገፋ ያሉ አናጢ ናቸው። ከእሳቸው በኋላ የጻፉት ሁሉ ጋሼ እያሉ ነው የሚጠሯቸው፤ 13ኛዋ ሳትቀር።

ቀስ ብሎ ቤት የሚሞላ ሰው ያገለገለ ዕቃ መግዛቱ አይቀርም ብለው ነው የጀመሩት። ያገለገለ ዕቃ ፊቱ ሳይሆን ጀርባው ነው የሚታየው። መሳቢያው ወጥቶ ይገለበጥ። ማዕዘኑ ላይ ጣውላዎቹ ጥርስ ወጥቶላቸው ተነካክሰው ከገቡ የባለሙያ እጅ አርፎበታል። በሚስማርና በኮላ ብቻ ከተያያዘ በዚያው ልክ ይገመታል። ጥቃቅን ክብ ቀዳዳዎች ካሉና ከሥራቸው አዲስ የእንጨት ዱቄት ከፈሰሰ ነፍሳቱ ውስጡ ናቸው፤ ቤት አይግባ። ወንበር ከሆነ ተቀምጦ ወደ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ነው። የሚንቋቋ መገጣጠሚያ በኮላ ይድናል፤ የተሰነጠቀ እግር ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለ ቺፕውድም አስጠንቅቀዋል። ውሃ ከጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅም ወደ ቀድሞው አይመለስም። ብሎኑ ተፈቶ እዚያው ቀዳዳ ውስጥ ሲመለስ መያዙ ይላላል። ስለዚህ ቤት ቶሎ ቶሎ የሚቀይር ሰው ትልቅ የቺፕውድ ቁም ሳጥን ባይገዛ ይመክራሉ።

ከዚያ ወደ አደጋው ገቡ፤ እዚህ ላይ ጽሑፋቸው ጠንከር ይላል። አሮጌ ቀለም ያለበትን ዕቃ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ አይገባም። የድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለው ብረት ሊኖር ይችላል፤ አቧራው ለሕፃናት በተለይ መርዝ ነው። አሜሪካ ለመኖሪያ ቤት የሚውለውን ባለ እርሳስ ቀለም የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ስለዚህ ዕድሜው ያልታወቀ ቀለም ይጠረጠራል። ሌላው የተልባ ዘይት ነው። እንጨት የተወለወለበት ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ ራሱን በራሱ አሙቆ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግቶ ማድረቅ ያስፈልጋል።

ክሩ ላይ ከተጻፈው ሁሉ ሰው ስልኩ ላይ ሊያስቀምጠው የሚገባው ይህ ነው። ስለ ውበት ሲወራ ስለ እሳት የሚያስታውስ አይበዛም።

መልስ 17 እና 18

16ኛው ምስጋና ብቻ ነው። 17ኛው የጋሼን ቃል ወደ ጽንፍ ወሰደው። ተፈታቶ በካርቶን የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ቆሻሻ ነው፤ ነፍስ የለውም፤ ምርጫ ያለው ሰው ቤቱ አያስገባውም አለ። አናጢው ራሳቸው ተመልሰው አረሙት፤ በጨዋነት፣ ግን ሳይለሳለሱ። ሚካኤል ቶኔት እ.ኤ.አ. በ1859 ያወጣውን 14 ቁጥር ወንበር አነሱ። እንጨቱ በእንፋሎት ተጠምዝዞ የተሠራ ነው። ወንበሩ 6 የእንጨት ቁራጭ፣ 10 ብሎንና 2 ዳዶ ብቻ ነበር። ተፈታቶ ሲታሸግ 36 ወንበር በአንድ ሜትር ኩብ ሳጥን ይገባል። በዚህ መንገድ በዓለም ዙሪያ ተሸጧል፤ ሰዎችም ዛሬ ድረስ ይቀመጡበታል። ነውሩ መፈታቱ ላይ ሳይሆን እንጨቱ ላይ ነው ባይ ናቸው። 17ኛው ይቅርታ ጋሼ ብሎ አለፈ።

ከ19 እስከ 21

ወሬው እዚህ ጋ ሸሸ። አንዷ ያገለገለ ቁም ሳጥን ገዝታ የሲጋራ ሽታ አልለቅ ብሏታል። በሮቹን ከፍቶ አየር ማስገባት፣ ውስጡን በሳሙና ውሃ በረጠበ ጨርቅ መወልወል፣ አድርቆ ቫርኒሽ መቀባት ተባለ። ከዚያ ስለ ድመትና ስለ ሶፋ ጨርቅ ተነሳ። የድመት ባለቤቶች ባለ ጥልፍልፍ ጨርቅ እንዳይገዙ ተስማምተው ተለያዩ።

መልስ 22 እና 23

ተከራይ ነኝ፤ አከራዬ ትራፓኖ እንዳላስነካ ከልክለውኛል የሚል መጣ። ለእሱ ይህ ሁሉ ወሬ የቤት ባለቤቶች ወሬ ነው። 23ኛዋም ተከራይ ናት፤ ግን አልተስማማችም። እሷ ግድግዳውን ትታ ወለሉ ላይ ነው የምትሠራው። ምንጣፍ ተጠቅልሎ ይሄዳል። መብራት ተነቅሎ ይሄዳል። ሥዕል መደርደሪያ ላይ ተደግፎ ይቆማል፤ ፊሸርም ብሎንም አይፈልግም። አንድ ጥግ የሚይዝ ትልቅ ባለ ማዕዘን ሶፋ ፈንታ ሁለት ነጠላ ወንበርና አንድ አነስተኛ ሶፋ ትመርጣለች፤ ለሚቀጥለው ቤት ቅርጽ ሊሰናዱ ይችላሉና። ከመግዛት በፊት ደግሞ የበሩን ስፋትና የደረጃውን መታጠፊያ በሜትር ትለካለች። ጎረቤቷ ያመጣው ሶፋ ደረጃው ላይ ተቀርቅሮ ሰው ሁሉ ማለፊያ አጥቶ እንደነበር ታስታውሳለች።

መልስ 24 እና 25

24ኛው ቁጥር የሚወድ ሰው ነው። ብዙ ሰው ሥዕል ከልክ በላይ ከፍ አድርጎ ይሰቅላል ይላል። የሥዕሉ መሃል ከወለል ከ145 እስከ 150 ሴንቲ ሜትር ቢውል ቆሞ ለሚያይ ሰው ዓይን ልክ ነው። ከሶፋ በላይ ከሆነ ደግሞ ከመደገፊያው ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ይበል። በሶፋና በፊቱ ባለው ጠረጴዛ መሃል ከ40 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር፤ ለመተላለፊያ ከ75 እስከ 90። የመጋረጃ ጨርቅ ስፋት የመስኮቱ አንድ ተኩል ወይም እጥፍ። ምንጣፍ ቢያንስ የሶፋውን የፊት እግሮች ከሥሩ ያስገባ፤ መሃል ላይ ብቻውን የተነጠፈ ትንሽ ምንጣፍ ክፍሉን ያሳንሰዋል። ይህን ሁሉ ገንዘብ ሳይወጣ ወለል ላይ በወረቀት ቴፕ አስምሮ ለጥቂት ቀን እየተራመዱበት መሞከር ይቻላል።

13ኛዋ ሴት 25 ላይ ተመለሰች። ቴፑን ወደደችው፤ ቁጥሮቹን አልወደደችም። ቤቷ ውስጥ ሁሉም ሰው የሚቀመጠው ወለል አጠገብ ዝቅ ብሎ ስለሆነ ሥዕሎቿን ዝቅ አድርጋ ሰቅላለች። 24ኛው ልክ ነሽ አላት፤ የዓይን ልክ ማለት እኮ እሱ ነው ብሎ። በክሩ ውስጥ እሷ የተስማማችበት ብቸኛው ቦታ ይህ ይመስለኛል።

ከ26 እስከ 29

26ኛዋ ሌላ ነገር አመጣች። ቤቱን ቀስ ብላ፣ ፈዘዝ ባሉ ቀለሞች፣ እንደምትፈልገው ሠርታለች። ባለቤቷ ግን የሟች አባቱን የቆዳ ወንበር አምጥቶ ሳሎኔ የምትለው ክፍል መሃል አስቀመጠው። ቡናማ ነው፤ ተቀድዷል፤ ግዙፍ ነው። ምን ላድርግ ትላለች።

27ኛው ገና ከመጀመሪያው ሳሎኔ ማለቷ ላይ ተንጠለጠለ። ቤቱ የሁለት ሰው ከሆነ የአንድ ሰው ምርጫ ብቻ ለምን ይታያል ብሎ ጠየቀ። 28ኛዋ እሷና ባሏ የሚኖሩበትን ስምምነት ተናገረች። እያንዳንዳቸው ሌላው የማይነካው አንድ ዕቃ አላቸው። ሌላው በሙሉ የሁለቱን እሺታ ይጠይቃል፤ አንዱ ካልወደደው አይገባም። ቤቱ በዚህ የተነሳ በጣም ቀስ ብሎ ነው የሞላው፤ ግን የተገዛ ዕቃ አልተመለሰም። 29ኛው ደግሞ ቤት የዘመድ ሙዚየም አይደለም፤ የሙታን ዕቃ ይሰጥ ብሎ ጻፈ። 26ኛዋ ራሷ በዚህ ተከፋች። ወንበሩን ባትወደውም አማቷን ትወዳቸው ነበርና።

አናጢው ገብተው የወንበሩ አጥንት ደህና ከሆነ ቆዳው እንደሚቀየር፣ ቦታውም ከመሃል ወደ ጥግ ሊዛወር እንደሚችል አስታወሱ። እኔ ከ28ኛዋ ጋር ነኝ። ስለ ምርጫ ሲወራ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ብቻ እንዳለ ተደርጎ ነው የሚወራው። አብሮ የሚኖረው ሰው ወንበሩን ይዞ እስኪመጣ ድረስ ማንም አያስበውም።

መልስ 30

ጠያቂዋ ተመለሰች። ሁሉንም አመስግና ምን እንዳደረገች ተናገረች። አምፖሎቿን ወደ 2700 ቀይራለች፤ አንድ የጠረጴዛ መብራትም ጨምራለች። ፎቶዎቿን እንደ 8ኛዋ ምክር ስትደረድራቸው የሚደጋገመው ትልልቅ ተክልና ያልተቀባ እንጨት ሆኖ አገኘችው። ቀለሙ ምንም ይሁን ምን ሁሉም ውስጥ አለ። ልትገዛው ያሰበችውን ሶፋ ወለል ላይ በቴፕ ስታሰምረው ወደ መኝታ ቤት የሚወስደውን መንገድ ዘጋባት። ሳትገዛው ቀረች። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ መስኮቱ ሥር ወለል ላይ ነው የምትቀመጠው፤ ወንበሯን የምትጠቀመው ልብስ ለማስቀመጥ ነው። ለሦስተኛውም መልስ ሰጠች። ልጆች ቢኖሯት እንደ እሱ እንደምታደርግ፣ አሁን ግን ስለሌሏት ይህን ነፃነት ልትጠቀምበት እንደምትፈልግ ነገረችው።

አዲስ ጥያቄም ጨመረች። ያላት ገንዘብ ወይ ለመጋረጃ ወይ ለምንጣፍ ነው የሚበቃው። የቱ ይቅደም?

መልስ 31

ሦስተኛው መላሽ፣ የሁለት ልጆች አባት የሆነው፣ ተመለሰ። ቁጣው በርዷል። እሱም የልጆቹን ክፍል ሊቀይር ስላሰበ ቴፑ የወለሉን ቫርኒሽ ይዞ ይነሳ እንደሆነ ጠየቀ። የቀለም ሠራተኞች የሚጠቀሙበት የወረቀት ቴፕ ከሆነና ብዙ ቀን ካልቆየ እንደማይነሳ ጠያቂዋ ራሷ መለሰችለት። ባንድ ጊዜ ሁሉን መግዛቱን አሁንም አልቆጨውም፤ ይህንንም ሳይናገር አላለፈም።

መልስ 32፣ 33 እና 34

32ኛዋ መጋረጃ ይቅደም ትላለች። ሌሊት መብራት በርቶ ከውጭ ሰው ሁሉ የሚያየው ቤት ውስጥ ማንም ዘና አይልም። 33ኛው ምንጣፍ ይላል። ባዶ ክፍል ድምፅ ያስተጋባል፤ ምንጣፍ ሲነጠፍ ወሬውም፣ እርምጃውም፣ ስልኩም ይለሰልሳል። ወለል ላይ የምትቀመጥ ሰው ደግሞ ምንጣፍ ለእሷ ወንበር ነው።

በጠያቂዋ ቦታ ብሆን ምንጣፉን አስቀድም ነበር። መስኮቱ በአንሶላ ሊሸፈን ይችላል፤ አንሶላ ደግሞ እንደ 5ኛው ካርቶን ነው፤ መጋረጃ ነኝ ብሎ አያዘናጋም። የመጨረሻው መልስ የገባው ትናንት ማታ ነው። ምንጣፉ ከተገዛ ከሥሩ የማያንሸራትት ላስቲክ ይነጠፍ፣ ከምንጣፉም በየጎኑ ትንሽ አንሶ ይቆረጥ ይላል።